ጥርስ ለማሠራት ቱርክ ከመሄዳችሁ በፊት

ኢስታንቡል ወይም አንታሊያ ሄዳችሁ ጥርስ ለማሠራት ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሆቴሉንና ከኤርፖርት የሚቀበላችሁን መኪና ለጊዜው እርሱት። ፓኬጁን የሚያሳምሩት በእነሱ ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቬኒር ነው ወይስ ክራውን?» የሚለው ነው። ቬኒር የጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን ነው፤ ክራውን ደግሞ ጥርሱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆብ። በዋትሳፕ የሚያወራችሁ ሰው ብዙ ጊዜ ሻጭ እንጂ ሐኪም አይደለም። ሁለቱንም «ሆሊውድ ስማይል» ብሎ ያልፈዋል። ልዩነቱ ግን የሰማይና የምድር ነው። ለቬኒር የጥርሱ ፊት ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ይሞረዳል። ለክራውን ግን ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ ጉቶ ይሆናል። የተሞረደ ጥርስ ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ጤነኛ ጥርስ ላላት የ25 ዓመት ልጅ «20 ክራውን እንሥራልሽ» የሚል ክሊኒክ ካጋጠማችሁ፣ ቻው በሉት።

ኢምፕላንት ከሆነ፣ ማለትም በወለቀ ጥርስ ቦታ መንጋጋ ውስጥ ብሎን ተተክሎ በላዩ ጥርስ የሚገጠም ከሆነ፣ ብሎኑ ከመንጋጋ አጥንት ጋር እስኪዋሃድ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይፈጃል። ስለዚህ የሁለት ጉዞ ቲኬት አስቡ። «በ5 ቀን እንጨርሳለን» ካሏችሁ፣ የሚገጠመው ጥርስ ቋሚ ነው ወይስ ጊዜያዊ ብላችሁ ጠይቁ።

የቱርክ ጤና ሚኒስቴር የውጭ ታካሚ ለሚቀበሉ ተቋማት የፈቃድ ሰርተፍኬት ይሰጣል። ኮፒውን አስልኩ፤ የሚሠራላችሁን ሐኪም ስምም እንዲሁ። ስትመለሱ ደግሞ የኢምፕላንቱ ብራንድና መለያ ቁጥር ያለበትን ካርድ ሳትይዙ እንዳትወጡ። አንድ ቀን ቢነቃነቅ፣ በምትኖሩበት ሪያድ ወይም ፍራንክፈርት ያለው ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።