ቁስል የሚያመረቅዙ የዋርድ ልማዶች

የቀዶ ሕክምና ቁስል ባመረቀዘ ቁጥር «ታካሚው ንጽሕናውን አልጠበቀም» ይባላል። ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የእኛ የባለሙያዎቹ ነው።

ምላጭ። የሚቀደደው ቦታ ላይ ያለው ጸጉር ካላስቸገረ አይነካ፤ ካስቸገረ በመከርከሚያ ማሽን ይቆረጥ። ምላጭ በዓይን የማይታይ ጭረት ይተዋል፤ ማታ ተላጭቶ ያደረ ሆድ ጠዋት ላይ የጀርም ማሳ ነው።

የመድኃኒቱ ሰዓት። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ኢንፌክሽን ለመከላከል የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ሴፋዞሊን፣ በደም ሥር መሰጠት ያለበት ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቢላው ሲያርፍ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ መገኘት አለበትና። እኛ ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ዋርድ ውስጥ ወግተን፣ «ተሰጥቷል» ብለን ፈርመን እንገላገላለን። ከዚያ ድንገተኛ ታካሚ ይቀድማል፣ መብራት ይጠፋል፣ ቀዶ ሕክምናው 6 ሰዓት ላይ ይጀመራል። ደም ውስጥ ያለው ሴፋዞሊን በየ2 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ሲቀንስ ካርዱ «ተሰጥቷል» እንዳለ ነው። መድኃኒቱን ከታካሚው ጋር ላኩትና ማደንዘዣ ሰጪው ይስጠው። ሥራው ከ4 ሰዓት በላይ ከዘለቀ ወይም ብዙ ደም ከፈሰሰ ይደገም።

ይባስ ብሎ ያመለጠውን ሰዓት በቀናት ለማካካስ እንሞክራለን። ኢንፌክሽን ለሌለበት (ንጹሕ) የሄርኒያ (ቡአ) ቀዶ ሕክምና ሴፍትሪያክሶን የተባለ ሌላ አንቲባዮቲክ ለ5 ቀን፣ ሲወጣ ደግሞ የሚዋጥ ለሳምንት! የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ የመከላከያ መድኃኒት ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እንዳይራዘም በግልጽ አስፍሯል። ትርፉ መድኃኒት የለመደ ጀርም ማራባትና የቤተሰብ ኪስ ማራቆት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በፊት ቆዳ የሚጸዳበት፣ ክሎርሄክሲዲን የተባለ ጀርም ገዳይ ያለበት አልኮል ራሱ ይድረቅ፤ በጎዝ አትጥረጉት።

ጓንት። ከአልጋ 4 እስከ አልጋ 9 በአንድ ጓንት ፋሻ ሲፈታ የደረስኩበት ተማሪ «ሲስተር፣ ጓንት አድርጌያለሁ እኮ» አለኝ። ልጁ ትጉህ ነው፤ የጠበቀው ግን የራሱን እጅ ብቻ ነበር። ጓንት በየታካሚው ይቀየራል፣ ሲወልቅም እጅ ይጸዳል። መግል ያለው ቁስል መጨረሻ ላይ ይታይ።

ዝም ብሎ ማሰናበት። ኢንፌክሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው ታካሚው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው፤ እስከ 30 ቀንም ሊዘገይ ይችላል። ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን ቁስሉ ላይ የሚነሰንሱ አስታማሚዎች አሉ፤ እንዳያደርጉት ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። መቅላት፣ እብጠት፣ መግል ወይም ትኩሳት ከታየ ቀጠሮ ሳይጠብቁ እንዲመጡ፣ ቁስሉን እያሳያችሁ ንገሯቸው።