አሞኒያን ከፍሳሽ አውጥቶ በካታሊስት ማቃጠል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ አሞኒያ ይበዛበታል፤ ኖራን ከቆዳ ለማስለቀቅ የሚጨመረው አሞኒየም ሰልፌት አንዱ ምንጭ ነው። አሞኒያውን በማማ ውስጥ በአየር አስወጥቶ፣ ጋዙን በጋለ ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር፣ ለምሳሌ ፕላቲነም) ላይ ወደ ናይትሮጅንና ውኃ መለወጥ ይቻላል። ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ግን ጋዙ ካታሊስቱ ጋ ሳይደርስ ነው።

ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ሳያነሱ አየር መንፋት። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ፒኤች 7 ላይ በጋዝ መልክ ያለው አሞኒያ 1 በመቶ አይሞላም፤ 9.25 ላይ ግማሹ፣ 11 ላይ 98 በመቶ ገደማ ነው። ብሎወሩን (አየር መንፊያውን) ማጠንከር የመብራት ሂሳብ ከማብዛት በቀር ይህን አይለውጠውም። ፒኤች ለማንሳት ኖራ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ያለ ነጭ ቅርፊት የማማውን ሙሌት (ውኃና አየር እንዲገናኙ ማማው ውስጥ የሚሞላውን ቁስ) ይደፍነዋል። ኮስቲክ ሶዳ ቢወደድም ፍቅፈቃውን ያቀላል።

የፀጉር ማስለቀቂያውን ፍሳሽ መቀላቀል። ሰልፋይድ አለበት። ፒኤች ከወረደ ገዳይ የሆነ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይለቃል፤ በውስጡ ያለው ድኝም ካታሊስቱን ይመርዛል (ሥራውን ያስቆመዋል)። ሁለቱን ፍሳሾች ለየብቻ ይያዙ፤ ጋዙ የፍሳሽ ጠብታ ይዞ ወደ ካታሊስቱ እንዳይሄድም ማማው አናት ላይ ጠብታ ማገጃ ይግጠሙ።

ሙቀትን በመግቢያው ብቻ መቆጣጠር። በጣም የሚያስከፍለው ይሄ ነው። በአየሩ ውስጥ ያለ 1 በመቶ አሞኒያ ሲቃጠል ጋዙን በግምት 100 ዲግሪ ያግለዋል። ስለዚህ መግቢያው 250 ቢያሳይ፣ መውጫው 350 ሊደርስ ይችላል። ፕላቲነም ከልክ በላይ ሲግል አሞኒያውን ወደ ናይትሮጅን በመለወጥ ፈንታ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ በካይ ጋዝ ያደርገዋል። አልቃጠል ያለ ሲመስል ወዲያው ሙቀት መጨመር የሚጎዳው ለዚህ ነው። አንድ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) ካታሊስቱ መሐል፣ ሌላ መውጫው ላይ ያድርጉ። ሲያስነሱም መጀመሪያ ካታሊስቱን በንጹሕ ሙቅ አየር አግለው፣ አሞኒያውን ከዚያ ያስገቡ። መጠኑ በአየር ውስጥ 15 በመቶ ከደረሰ ሊፈነዳ ስለሚችል፣ ከዚያ በብዙ ርቆ መሥራት ነው።

መውጫው ላይ አሞኒያን ብቻ መለካት። ዜሮ ማንበቡ ናይትሮጅን ሆነ ማለት አይደለም። ናይትሪክ ኦክሳይድና ናይትረስ ኦክሳይድም ይለኩ፤ ሁለተኛው በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 273 እጥፍ ያሞቃል።

የላቦራቶሪ አሃድ መደባለቅ። «100 ሚሊግራም በሊትር፣ በናይትሮጅን» (ማለትም በአሞኒያው ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ብቻ ሲቆጠር) ማለት በሊትር 122 ሚሊግራም አሞኒያ ነው። ናሙናውን በሰልፈሪክ አሲድ ከፒኤች 2 በታች አውርደው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያስቀምጡት።

የናስ ቧንቧ ማያያዣም አይግጠሙ፤ አሞኒያ በናስ ውስጥ ያለውን መዳብ ይበላል።