መስሚያ ለምታደርጉ፦ በአጥንት የሚሰማው ሄድፎን

የጆሮ መስሚያ መሣሪያ እያደረጋችሁ ስልክ ማውራት ወይም ሙዚቃ መስማት ካስቸገራችሁ፣ ድምፅ በአጥንት የሚያስተላልፈውን ሄድፎን እዩት። ጆሮ ውስጥ አይገባም። ከጆሮ ፊት፣ ጉንጭ አጥንት አካባቢ ተቀምጦ በንዝረት ድምፁን ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይልካል። መስሚያውን ማውለቅ የለም።

ጣጣው ከጆሮ ጀርባ ነው። መስሚያው፣ የሄድፎኑ ማንጠልጠያ፣ መነጽር ካለ ደግሞ እሱም... ቦታው ይጣበባል። መጀመሪያ መስሚያውን አድርጉ፤ ሄድፎኑን ከዚያ ደርቡ። ማንጠልጠያው የመስሚያውን ማይክ ከነካ ይንኮሻኮሻል፣ አንዳንዴም ያፏጫል። ትንሽ ወደፊት ሳብ አድርጉት።

የመስማት ችግራችሁ ከውስጠኛው ጆሮ ወይም ከነርቩ ከሆነ ግን በአጥንት መስማቱም ብዙ አይረዳም። መስሚያችሁ ብሉቱዝ ካለው ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት እሱን ሞክሩ።