ርግጫው የቀለለ የውድድር ጥይት እንዴት ይመረጣል? እንዴትስ ይፈተናል?

የመጀመሪያውን ጥይት ብዙ ሰው መሃል ላይ ያሳርፋል። ፈተናው ሁለተኛው ላይ ነው። ሽጉጡ ይራገጣል፣ አፈሙዙ ወደ ላይ ይነሳል፣ ማነጣጠሪያው ተመልሶ ቦታው እስኪገባ ጊዜ ይሄዳል። ዩኤስፒኤስኤ የሚባለው የአሜሪካ የተግባር ተኩስ ስፖርት ማኅበር በሚያካሂዳቸው ውድድሮች ያገኛችሁት ነጥብ ለወሰደባችሁ ሰከንድ ይካፈላል። ስለዚህ በየተኩሱ የምትባክነው ቅንጣት ሰከንድ ተጠራቅማ ደረጃችሁን ታወርዳለች። ርግጫው የቀለለ ጥይት የሚፈለገውም ለዚህ ነው።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ ሽጉጥ ኖሯችሁ ለምትወዳደሩ፣ ወይም ለመጀመር ለምታስቡ ነው። ብዙ ተወዳዳሪዎች ቀለሁን፣ ባሩዱንና አረሩን ገጣጥመው ጥይታቸውን ቤታቸው ራሳቸው ይሞላሉ። ለጀማሪ ግን የምመክረው የፋብሪካ ጥይት ገዝቶ በደንብ መፈተንን ነው። ዛሬ ለውድድር ታስቦ የተሠራ ለስላሳ ጥይት እንደልብ ይገኛል። የፍተሻው መንገድም ራሳቸው የሚሞሉት ሰዎች ከሚከተሉት አይለይም። ምሳሌዬ ሁሉ በ9 ሚሊሜትር ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚወዳደረው በእሱ ነውና።

ከዚያ በፊት ስለ ወረቀት አንድ ነገር ልበል። በፌዴራል ሕግ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። ግሪን ካርድ ያለው ሌላ እገዳ ከሌለበት ይችላል። ግዛቶቹም ይለያያሉ። ቨርጂኒያ ላይ የተለመደው ነገር ድልድዩን ተሻግራችሁ ዲሲ ስትገቡ ወንጀል ሊሆን ይችላል። እዚያ በጥቅሉ የተመዘገበ መሣሪያ የሌለው ሰው ጥይት መያዙ ብቻ ያስከስሰዋል። ወደ ተኩስ ቦታ የምትሄዱበትን መንገድ ሕግ ከመነሳታችሁ በፊት እወቁ።

መጀመሪያ ቁጥሯን እወቁ

ውድድሩ ጥይታችሁን እንደፈለጋችሁ እንድታለዝቡት አይፈቅድም። ዝቅተኛ የኃይል ገደብ አለ፤ ፓወር ፋክተር ይሉታል። ስሌቱ ቀላል ነው። የአረሩን ክብደት በግሬን፣ ፍጥነቱን በሴኮንድ ስንት ጫማ እንደሚሄድ ወስዳችሁ ታባዛላችሁ፤ ከዚያ ለ1000 ታካፍላላችሁ። አረር የምለው ከአፈሙዝ ወጥቶ የሚበረውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ቀለሁ አይቆጠርም። አንድ ግሬን 0.065 ግራም ገደማ ነው።

በዩኤስፒኤስኤ ማይነር ለሚባለው ደረጃ 125፣ ሜጀር ለሚባለው 165 ያስፈልጋል። ሜጀር የሚተኩስ ከመሃል ውጪ ሲመታ የተሻለ ነጥብ ያገኛል፤ ኢላማው ላይ ከመሃለኛው ኤ ቀጠና ቀጥሎ ያለው ሲ ቀጠና ላይ 4 ይሰጠዋል፣ የማይነሩ ግን 3 ነው። ተወዳዳሪዎች በሽጉጣቸው ዓይነት በምድብ ይከፈላሉ፤ ፕሮዳክሽንና ካሪ ኦፕቲክስ በሚባሉት ምድቦች ውስጥ ግን ሁሉም ሰው በማይነር ነው የሚቆጠርለት። እዚያ ጠንካራ ጥይት መተኮስ ምንም አይጨምርላችሁም፤ ርግጫውን ብቻ ትሸከማላችሁ። ስቲል ቻሌንጅ በሚባለው የብረት ኢላማ ውድድር ላይ ደግሞ የፓወር ፋክተር ገደብ የለም። ብረቱን መምታት በቂ ነው፣ መጣል አይጠበቅባችሁም።

ሕጉ ጥብቅ ነው። 124.9 ማለት 125 ማለት አይደለም፤ ቁጥሩ ወደ ላይ አይጠጋጋም። ከ125 በታች ከወረዳችሁ የቀኑ ውጤታችሁ በሙሉ አይያዝም። ስለዚህ አማካዩ 130 አካባቢ የሆነ ጥይት ፈልጉ። ከዚያ በላይ ያለው ለማይነር ተወዳዳሪ ትርፍ ርግጫ ነው።

ከባዱን አረር ምረጡ

ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ይገረማል። ቀላል አረር ርግጫው የሚቀል ይመስለዋል። በተመሳሳይ ፓወር ፋክተር ግን ነገሩ ተቃራኒ ነው።

የ9 ሚሊሜትር አረር አብዛኛውን ጊዜ በ115፣ በ124 እና በ147 ግሬን ይሸጣል። 125 ላይ ለመድረስ የ115ቱ 1087 ጫማ በሴኮንድ መሄድ አለበት። የ124ቱ 1009 ይበቃዋል። የ147ቱ 851 ብቻ። ከባዱ አረር በዝግታ ስለሚሄድ የሚፈልገው ባሩድ ያነሰ ነው። ርግጫውን የሚፈጥረው ደግሞ አረሩ ብቻ አይደለም፤ ከኋላው ተከትሎ የሚፈነዳው ጋዝም ድርሻ አለው። ባሩዱ ሲቀንስ ጋዙም ይቀንሳል።

እጅ ላይ ያለው ስሜትም ይለያል። የ115 ግሬን በ1150 ጫማ ሲተኮስ 132 ይሆናል። የ147 ግሬን በ900 ጫማም ያው 132 ነው። ወረቀት ላይ እኩል ናቸው። እጅ ላይ ግን የመጀመሪያው በኃይል ይነጥራል፣ ሁለተኛው ለዘብ ብሎ ይገፋል። ድምፁም ይቀንሳል፤ 900 ጫማ ከድምፅ ፍጥነት በታች ስለሆነ አረሩ በአየር ላይ ሲያልፍ የሚያሰማው ጩኸት አይኖርም።

ለስላሳውን ሁሉም አይወደውም። አንዳንዱ ስላይዱ (በየተኩሱ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው የሽጉጡ የላይኛው ክፍል) በዝግታ ሲመላለስ እጁ ላይ የሚጎተት ይመስለውና የ124ቱን ይመርጣል። ያንን የሚወስነው ሰዓት ነው፤ ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ሱቅ ስትገቡ ሦስት ዓይነት ጥይት ምረጡና ከእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ፓኮ ብቻ ግዙ። ፕላስ ፒ የሚል ምልክት ያለበትን ተዉት፣ ግፊቱ ከፍ ያለ ነው። በርሜላችሁ እንደ አብዛኛው የቆየ ግሎክ ውስጡ የተጠጋጋ ከሆነ ደግሞ ልባስ የሌለው የእርሳስ አረር አትጠቀሙ፤ እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ይለጠፋል። ፓኮው ላይ የታተመውን የምርት ቁጥርም ፎቶ አንሱት። ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ጥይት እንኳ ከምርት ምርት ፍጥነቱ ሊለያይ ይችላል።

በራሳችሁ ሽጉጥ ለኩ

ፓኮው ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትመኑት። ውሸት ነው ማለቴ አይደለም፤ የተለካው በፋብሪካው መፈተሻ በርሜል እንጂ በእናንተ ሽጉጥ አይደለም። አጭር በርሜል ፍጥነት ይቀንሳል፣ ረጅም ይጨምራል።

መለኪያው ክሮኖግራፍ ይባላል። አንዱ ዓይነት አረሩ በላዩ ሲያልፍ በብርሃን የሚያነብ ነው፤ ከአፈሙዙ 3 ሜትር ገደማ ርቆ ይቀመጣል። ሌላው ራዳር ነው፣ ከጎናችሁ አስቀምጣችሁ ትተኩሳላችሁ። ራዳሩ ይሻላል፤ ፀሐይና ደመና አያሳስቱትም፣ በስህተትም አትመቱትም። ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ክለባችሁ ውስጥ ያለው ሰው ብትጠይቁት ያውሳችኋል፤ የዚህ ስፖርት ሰዎች በዚህ በኩል ደጎች ናቸው።

ከእያንዳንዱ ዓይነት አሥር አሥር ተኩሱ፤ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጻፉ። አማካዩን ብቻ አትዩ፤ ዝቅተኛውን እዩ። እንበል አንዱ የ147 ግሬን ጥይት አማካዩ 880፣ ዝቅተኛው 858 ወጣ። አማካዩ 129.4፣ ዝቅተኛው 126.1 ይሆናል። ይሄ ጥሩ ጥይት ነው። ሌላው አማካዩ 865፣ ዝቅተኛው 838 ከሆነ ግን አማካዩ 127.2 ሆኖ ያጓጓል፤ ዝቅተኛው 123.2 ነው። እሱን ይዛችሁ ትልቅ ውድድር አትግቡ።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ለስላሳ ጥይት ውስጥ ባሩዱ ቀለሁን አይሞላውም። ባዶ ቦታ ስላለ ባሩዱ ወዲያ ወዲህ ይንሸራተታል። አፈሙዙ ወደ መሬት ካዘነበለ በኋላ ሽጉጡን አንስታችሁ ስትተኩሱ ባሩዱ ወደ አረሩ በኩል ተጠግቶ ይቆያል፤ ከአንዳንዱ ባሩድ ጋር ይሄ ፍጥነቱን ዝቅ ያደርገዋል። ስለዚህ ስትለኩ አምስቱን ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ፣ አምስቱን ደግሞ አፈሙዙን ከፊታችሁ ወዳለው መሬት ዝቅ አድርጋችሁ ከዚያ በማንሳት ተኩሱ። ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

ብርድም አለ። ቴክሳስ በሐምሌ የለካችሁት ሚኒሶታ በታኅሣሥ አይደገምም። ብዙ ባሩድ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱ ይወርዳል። 130ን የምወደው ለዚህም ነው።

ሽጉጡ ይቀበለው እንደሆነ እዩ

ለስላሳ ጥይት ስላይዱን የሚገፋበት ጉልበት ያነሰ ነው። ካዝናው ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ አስገብታችሁ ተኩሱ። ስላይዱ ወደ ኋላ ሄዶ ክፍት ሆኖ ይቆማል? ይህን ደጋግሙት። በአንድ እጅም ሞክሩት፤ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። ባዶ ቀለሁ የት እንደሚወድቅም ተመልከቱ። አንድ ሁለት ሜትር ርቆ ከወደቀ ደህና ነው። እግራችሁ ሥር ከተንጠባጠበ ስላይዱ አቅም አንሶታል።

መፍትሔው የስላይዱን መመለሻ ሞላ በትንሹ ማላላት ነው፣ የምድባችሁ ደንብ ከፈቀደ። ሞላ የሚሸጠው በፓውንድ ነው። ከፋብሪካው ሞላ አንድ አንድ ፓውንድ እየቀነሳችሁ ሞክሩ፤ በአንዴ ብዙ አትውረዱ። ሞላው ከመጠን በላይ ከላላ ስላይዱ በደንብ ሳይዘጋ ይቀራል።

ግሎክ ላይ ማረጋገጫው ይህ ነው። ካዝናውን አውጡ፤ በርሜሉ ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ፤ አፈሙዙን አደጋ ወደማያደርስበት ከፍ አድርጉ። ምላጩን ሳቡና እንደያዛችሁት ስላይዱን ወደ ኋላ ስባችሁ ቀስ ብላችሁ መልሱት። ጥርቅም ብሎ ካልተዘጋ ያ ሞላ ደካማ ነው፤ አውጡት።

ወረቀትና ሰዓት

ቀጥሎ 25 ያርድ ላይ ሽጉጡን የአሸዋ ከረጢት ላይ አሳርፋችሁ አምስት አምስት ተኩሱ። ቀዳዳዎቹ ምን ያህል እንደተጠጋጉ እዩ። የቀዳዳውን ቅርጽም እዩ። ክብ መሆን አለበት። ሞላላ ከሆነ አረሩ በአየር ላይ እየተገለባበጠ ነው፤ ያ በርሜል ያንን አረር አይወደውም ማለት ነው፣ ዝለሉት። ከባድ አረር ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ስለሚመታ ማነጣጠሪያውን አስተካክሉ።

የመጨረሻው ዳኛ የተኩስ ሰዓት ነው። 7 ያርድ ላይ ስድስት ጥይት በተቻላችሁ ፍጥነት ተኩሱ፤ ስድስቱም ኤ ቀጠና ውስጥ መግባት አለባቸው። ሰዓቱ በየተኩሱ መካከል ያለውን ጊዜ ያሳያችኋል። ካዝናዎቹን ጓደኛችሁ ይሙላላችሁ፤ የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ አይንገራችሁ። ለስላሳ የመሰላችሁ ጥይት ሰዓቱ ላይ ሊዘገይ ይችላል። ስሜታችሁንና ሰዓቱን ለየብቻ ጻፉ። ሲጋጩ እኔ የማምነው ሰዓቱን ነው።

ይህቺን ድምፅ እወቋት

ከመደበኛው ተኩስ ያነሰች፣ ፖፕ የምትል ድምፅ ከሰማችሁ፣ ወይም ርግጫ ከሌለ፣ ወዲያው አቁሙ። ሌላ ጥይት አትተኩሱ። አረሩ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከኋላው ሌላ ከተከተለው በርሜሉ ሊፈነዳ፣ እጃችሁንም ሊጎዳ ይችላል። አፈሙዙ ወደ ኢላማው እንደሆነ ጥይቱን አውጡ፣ ሽጉጡን ፍቱ፣ በርሜሉን ወደ ብርሃን አድርጋችሁ በውስጡ እዩ። ጭራሽ ካልተኮሰ ደግሞ ስላይዱን ሳትነኩ 30 ሰከንድ ጠብቁ። በፈጣን ተኩስ መሃል ቆም ማለት ከባድ ነው፤ ልምምድ ላይ ሆን ብላችሁ ተለማመዱት። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ሳታደርጉ አትጀምሩ፤ ስትጨርሱ እጃችሁን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ፣ እርሳስ አለበትና።

የወደዳችሁትን ካገኛችሁ ያንኑ የምርት ቁጥር ያለውን በብዛት ግዙ። የቁጥር ማስታወሻችሁንም ፓኮው ላይ ለጥፉ። ትልቅ ውድድር ላይ ዳኞቹ ከካዝናችሁ ስምንት ጥይት ወስደው አንዱን አረር ነቅለው ይመዝናሉ፣ ከሌሎቹ የተወሰኑትን በክሮኖግራፍ ይተኩሳሉ።

በአውሮፕላን ለምትጓዙ ደግሞ፣ ጥይት የሚሄደው በሚመዘነው ሻንጣ በራሱ ፓኮ ብቻ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶች ከ5 ኪሎ በላይ አይቀበሉም። ለልምምድ የምትይዙትን ቦርሳ ለሌላ ጉዞ አትጠቀሙበት። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ቦርሳ ኪስ ውስጥ የተረሳች አንዲት ጥይት ብዙ ጣጣ ታመጣለች፤ አገር ቤት በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማስገባት ወንጀል ነው።