ቤት ያለው ሰርቨር ከውጭ አልከፈት ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

አሮጌ ላፕቶፕ ወይም ራስፕቤሪ ፓይ (ትንሽዬ ኮምፒውተር) ላይ ኤንጂንኤክስ የሚባለውን የድረ ገጽ ሰርቨር ፕሮግራም ጭናችኋል፤ ቤት ውስጥ ገጹ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አድራሻውን ለጓደኛ ስትልኩ ግን «አይከፍትም» ይላችኋል። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ራውተሩን መነካካት ይጀምራል፤ አራት አምስት ነገር አንድ ላይ ይቀይርና የትኛው እንደረዳ፣ የትኛው እንዳበላሸ ይጠፋበታል። ከውስጥ ወደ ውጭ መሄድ ይሻላል፦ መጀመሪያ ሰርቨሩ፣ ከዚያ ራውተሩ፣ ከዚያ ኢንተርኔት አቅራቢው፣ መጨረሻ ላይ ዶሜይኑ (የድረ ገጹ ስም)።

ሙከራውን በቤታችሁ ዋይፋይ አታድርጉት። የስልካችሁን ዋይፋይ አጥፉና በሞባይል ዳታ ሞክሩ። ከቤት ወጥቶ በራሱ የውጭ አድራሻ ተመልሶ የሚገባን ጥያቄ የማያስተናግዱ ራውተሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ለሌላው ሰው ሁሉ የሚሰራ ሰርቨር ለባለቤቱ ብቻ የተበላሸ ሊመስል ይችላል።

ሰርቨሩ ላይ ይከፍታል፣ ከሌላ የቤት ኮምፒውተር አይከፍትም

ብዙ ጊዜ ፕሮግራሙ የሚሰማው 127.0.0.1 ላይ ብቻ ስለሆነ ነው፤ ይህ አድራሻ ከዚያው ማሽን አይወጣም። ሊኑክስ ላይ ኤስኤስ የሚባለው ትእዛዝ ክፍት ፖርቶችን (ፕሮግራሞች ጥያቄ የሚቀበሉባቸውን ባለቁጥር በሮች) ይዘረዝርላችኋል። 127.0.0.1:80 ካያችሁ፣ በማዋቀሪያ ፋይሉ ወደ 0.0.0.0:80 (በማሽኑ አድራሻዎች ሁሉ ስማ ማለት ነው) ቀይሩት። ጃንጎና ፍላስክ ለሙከራ የሚያስነሱት ሰርቨር ሳይነካ በዚህ ሁኔታ ነው የሚመጣ፤ እሱን ግን ጭራሽ ወደ ውጭ አታውጡት፣ ለዚያ አልተሰራም። አድራሻው ትክክል ከሆነ የቀረው ፋየርዎል (ጥያቄዎችን የሚያግድና የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ዩኤፍደብሊው የሚባለው ፋየርዎል ፖርት 80 (ኤችቲቲፒ) እና 443 (ኤችቲቲፒኤስ) እንዲያሳልፍ ፍቀዱለት።

ቤት ውስጥ ከየትም ይከፍታል፣ ከውጭ አይከፍትም

ብሮውዘሩ ምን ብሎ እንደሚቀር ተመልከቱ። ወዲያው «ኮኔክሽን ሪፊዩዝድ» ካለ ጥሩ ዜና ነው፦ ጥያቄው አንድ ቦታ ደርሷል፣ እዚያ ፖርት ላይ ግን የሚቀበለው የለም። ብዙ ጊዜ የፖርት ቁጥር ተሳስቷል ወይም ሰርቨሩ ራሱ ቆሟል። ዝም ብሎ ተሽከርክሮ ተሽከርክሮ «ታይምድ አውት» ካለ ግን ጥያቄው መንገድ ላይ ቀርቷል።

የት እንደቀረ በግምት አትፈልጉ። ሰርቨሩ ላይ ቲሲፒደምፕን (ወደ ማሽኑ የሚመጣውን ጥያቄ የሚያሳይ ፕሮግራም) ፖርት 80 ላይ አስነሱትና በሞባይል ዳታ ገጹን ክፈቱ። በየሙከራው መስመሮች ብቅ ካሉ ጥያቄው ቤታችሁ ገብቷል፣ የሚያግደው ብዙ ጊዜ የማሽኑ ፋየርዎል ነው፤ ቲሲፒደምፕ ጥያቄውን የሚያየው ፋየርዎሉ ከመጣሉ በፊት ነውና። ስክሪኑ ጭጭ ካለ ችግሩ ራውተሩ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ ነው።

ራውተሩ ላይ ፖርት ፎርዋርዲንግ የሚለውን ክፈቱ፤ ከውጭ በ80 የመጣ ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.1.50 ፖርት 80 ይሂድ ብላችሁ ሙሉ፣ 443ንም እንዲሁ። የውስጥ አድራሻውን ከሰርቨሩ ላይ አይታችሁ ጻፉ። ትናንት ሲሰራ የነበረ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከቀረ፣ ራውተሩ ለሰርቨሩ ሌላ ቁጥር ሰጥቶት ይሆናል፤ በዲኤችሲፒ ሪዘርቬሽን (ለአንድ ማሽን ሁልጊዜ ያንኑ ቁጥር የሚያስይዝ የራውተር ቅንብር) ቁጥሩን አስሩለት።

ሁሉም በትክክል ተሞልቷል፣ አሁንም የለም

ብዙ ሰው ቀኑን የሚጨርሰው እዚህ ነው፤ እኔ ብሆን ፖርት ፎርዋርዲንግ ከመንካቴ በፊት ይህን አያለሁ። የራውተሩን የስታተስ ገጽ ክፈቱና ዋን አይፒ (የራውተሩ የውጭ በኩል አድራሻ) የሚለውን ቁጥር ጻፉት። ከዚያ የውጭ አድራሻችሁን የሚነግር ማንኛውም ድረ ገጽ ላይ የሚታየውን ከጎኑ ጻፉ። ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ራውተራችሁ በቀጥታ ኢንተርኔት ላይ የለም።

የራውተሩ ቁጥር ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፦ አቅራቢው አንዱን የውጭ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች አካፍሏል። ሲጂናት ይባላል፤ ያ የቁጥር ክልል በ2012 ለዚሁ ሥራ ተለይቶ ተመድቧል። የአይፒቪ4 አድራሻዎች (እንዲህ በአራት ቁጥር የሚጻፉት) በጠቅላላ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ስለሆኑ ለሁሉም ቤት አይዳረሱም። እንግዳው ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ ደርሶ የቤት ቁጥር እንደማያውቅ ነው፤ ጥበቃው ወደ ማን ይላከው? የእናንተ ራውተር ላይ ያለው ፎርዋርዲንግ የአቅራቢውን በር አይከፍትም።

ቁጥሩ በ192.168 ከጀመረ ግን መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። አቅራቢው የሰጣችሁ ሞደም ራሱ ራውተር ሆኖ፣ የገዛችሁት ሌላ ራውተር ከኋላው ተሰክቶ ይሆናል። ሞደሙን ብሪጅ ሞድ (ራውተርነቱን ትቶ መስመሩን ብቻ የሚያሳልፍበት) ላይ አድርጉት፤ ካልፈቀደ በሁለቱም ላይ ፎርዋርድ አድርጉ። በ10 የሚጀምር ከሆነ ሁለቱም ሊሆን ይችላል።

ለሲጂናት መፍትሄው ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው አቅራቢውን ፐብሊክ አይፒ (የራሳችሁ ብቻ የሆነ የውጭ አድራሻ) መጠየቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ተጨማሪ ያስከፍላል፣ አንዳንዱ ለመኖሪያ ቤት ጭራሽ አይሰጥም። ሁለተኛው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚከፈት ዋሻ ነው፦ ክላውድፍሌር ተነል፣ ወይም ትንሽ ቪፒኤስ (ኢንተርኔት ላይ ያለ የኪራይ ሰርቨር) ተከራይቶ ዋየርጋርድ በሚባለው ቪፒኤን ከቤት ጋር ማገናኘት። ቪፒኤሱን የምመርጠው ድረ ገጹ በሌላ ኩባንያ እጅ እንዲያልፍ ለማይፈልግ ሰው ነው፤ ለሌላው ተነሉ ይቀላል። ገጹን የምትፈልጉት ለራሳችሁ ብቻ ከሆነ ሁለቱም ትርፍ ነው፤ ቴይልስኬልን (የራሳችሁን መሣሪያዎች ብቻ እርስ በርስ የሚያገናኝ ፕሮግራም) ጭናችሁ ተገላገሉ። ሦስተኛው አይፒቪ6 (አድራሻዎቹ እጅግ ብዙ የሆኑት አዲሱ ዓይነት) ነው፤ አቅራቢው ከሰጠ ራውተሩ ፋየርዎል ላይ መፍቀድ ብቻ ይበቃል፣ ግን አይፒቪ6 የሌለው ጎብኚ አያያችሁም።

በ8080 ይከፍታል፣ በ80 አይከፍትም

ብዙ ጊዜ አቅራቢው ፖርት 80ን ዘግቷል። ስልክ ደውላችሁ ጠይቁ፣ ወይም ተነል ተጠቀሙ።

ከውጭ ሲከፈት የራውተሩ መግቢያ ገጽ ይመጣል

ይህን ዛሬውኑ ዝጉት። ሪሞት ማኔጅመንት ክፍት ነው ማለት ነው፤ መላው ዓለም የይለፍ ቃላችሁን መሞከር ይችላል።

በቁጥር ይከፍታል፣ በዶሜይን ስም አይከፍትም

የውጭ አድራሻው ተቀይሮ ዲኤንኤሱ (ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉመው) የድሮውን ይዟል። ዳክዲኤንኤስን የመሰለ አገልግሎት ላይ ተመዝግባችሁ፣ አድራሻውን የሚያሳውቅ ትንሽ ስክሪፕት በክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስነሳ የሊኑክስ ፕሮግራም) በየ5 ደቂቃው ይሂድ። ለአንዳንዱ ሰው ከፍቶ ለሌላው እምቢ ካለ፣ የተረሳ የኤኤኤኤ ሬከርድ (ዲኤንኤስ ላይ የአይፒቪ6 አድራሻ የሚጻፍበት) ፈልጉ፤ አይፒቪ6 ያላቸው ጎብኚዎች ወደ ሞተ አድራሻ እየተላኩ ነው።

ሰርተፍኬቱ አልታደስ አለ

443 ብቻ ከፍቶ 80ን የዘጋ ሰው ላይ ይመጣል። የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት በነፃ የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት በኤችቲቲፒ የሚያረጋግጠው በፖርት 80 ነው፤ ክፈቱት፣ ካልተቻለ በዲኤንኤስ ወደሚያረጋግጠው ዘዴ ቀይሩ።

ሎጉ (የሰርቨሩ መዝገብ) በማላውቃቸው ጥያቄዎች ተሞላ

ሰርቨሩ መታየት ከጀመረ ብዙ አይቆይም፦ ያልጫናችሁትን የዎርድፕሬስ መግቢያ ገጽ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ይደረደራሉ። አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አድራሻዎችን ሁሉ እየዞሩ ስለሚያንኳኩ እንጂ እናንተን ለይቶ የመጣ የለም። ከ80 እና 443 ውጭ ምንም ፎርዋርድ አታድርጉ፤ በተለይ ኤስኤስኤች (ሰርቨሩን ከርቀት በትእዛዝ ማዘዣ) የሚገባበትን 22። የግድ ካስፈለገ የይለፍ ቃል መግቢያውን ዘግታችሁ በቁልፍ ብቻ ይሁን።