ለአይሱዙ የብረት ፓራውልት ሠርቶ መግጠም

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማበር በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ፣ ወይም ከዋናው አስፋልት ወጥቶ ወደ መሐል ሜዳ የሚያቀና የጭነት መኪና ከፋብሪካ ይዞት የወጣውን ፓራውልት (የፊት መከላከያ) ብዙ ጊዜ እንደነበረ አያቆየውም። ላሜራው ስስ በመሆኑ በጉም ውስጥ ድንገት መንገድ የገባ በግ፣ በክረምት ጎርፍ የተቦረቦረ የመንገድ ዳር ወይም በጠባብ የእህል በረንዳ ወደ ኋላ የመጣ ሌላ መኪና በቀላሉ ያጎብጠዋል። ባለንብረቱም ወደ ብየዳ ቤት መጥቶ “ጠንከር ያለ ሥራልኝ” ይላል። ከዚህ በታች የማስረዳው ይህን ጥያቄ የተቀበለ በያጅ ሥራውን ከልኬት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ብሎን እንዴት እንደሚያካሂደው ነው። ምሳሌ የማደርገው በአካባቢያችን በብዛት የሚሠራበትን አይሱዙ ኤን ፒ አር ነው፤ በሌላ መኪና ላይ ልኬቱ ቢለያይም አካሄዱ ያው ነው።

ደንበኛም ሆነ ጀማሪ በያጅ ትኩረቱን የሚጥለው በፊተኛው ላሜራ ላይ ነው። እኔ ግን ከሥራው ሰዓት አብዛኛውን የማጠፋው ላሜራውን ከሻንሲው፣ ማለትም መላውን መኪና ከሚሸከመው የብረት አካል፣ ጋር በሚያገናኘው፣ ከውጭ በማይታየው ማያዣ ላይ ነው፤ ተነቅለው ወደ ግቢያችን ከሚመጡት ፓራውልቶች አብዛኞቹ ላሜራቸው ደኅና ሆኖ ማያዣቸው የተሰነጠቀ ነውና።

የመጀመሪያው ሥራ መለካት ነው። መኪናው በተስተካከለ መሬት ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገቱ፣ የነበረው ፓራውልት ተፈትቶ ይውረድ። የወረደውን ብረት መጣል አይገባም፤ የብሎን ቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ለአዲሱ ሥራ ምርጡ ልኬት ነው። ከዚያ የሻንሲው ሁለት ጫፎች በመካከላቸው ያለው ርቀት፣ ከመሬት ያላቸው ከፍታና ከጋቢናው የታችኛው ጠርዝ የሚርቁበት መጠን በሁለቱም በኩል ለየብቻ ይለካ። ቀድሞ የተጋጨ መኪና ግራና ቀኙ እኩል ላይሆን ስለሚችል አንዱን ጎን ለክቶ ሌላውን በግምት መሙላት ያሳስታል።

የአይሱዙ ጋቢና ሞተሩን ለማየት ወደ ፊት የሚገለበጥ መሆኑ ከሁሉም በላይ መታሰብ አለበት። ማጠፊያው ከጋቢናው ሥር ወደ ፊት ገፋ ብሎ ስለተቀመጠ፣ ጋቢናው ሲገለበጥ ከማጠፊያው ፊት ያለው የታችኛው ጠርዝ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከፍ ያለው ክፍል ደግሞ ወደ ፊት ይመጣል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ለአንድ አዛውንት ባለመኪና ከላይ ሁለት ወፋፍራም ቱቦዎች ያሉት፣ እስከ ራዲያተሩ መከለያ የሚደርስ ያማረ ፓራውልት ሠራሁ። በሳምንቱ ፊልትሮ ለመቀየር ጋቢናውን ሲገለብጡት ከቱቦው ጋር ተጋጭቶ ሩብ ያህል እንኳ ሳይነሣ ቆመ። “አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን ሞተር በየት በኩል ልየው?” አሉኝ። ቱቦዎቹን ያለ ክፍያ በግራይንደር ቆርጬ አወረድኳቸው። ከዚያ ወዲህ ብረት ከመቁረጤ በፊት የፓራውልቱን ቅርጽ በካርቶን ሠርቼ በቦታው አስሬ ጋቢናውን እስከ መጨረሻው ሳልገለብጥ ሥራ አልጀምርም። ካርቶኑ ከተነካ የላይኛው ጠርዝ ዝቅ ይላል ወይም ወደ ፊት ይወጣል።

ውፍረትን በተመለከተ ደንበኛው ሁልጊዜ ወፍራሙን ይመርጣል፤ በያጁ ግን ማስላት አለበት። አንድ ካሬ ሜትር ባለ 4 ሚሊ ሜትር ላሜራ 31 ኪሎ ግራም ያህል፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ደግሞ 47 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ሁለት ሜትር የሚረዝም ፓራውልት ከነመታጠፊያው ወደ አንድ ካሬ ሜትር የሚጠጋ ላሜራ ስለሚፈጅ ልዩነቱ 15 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ያውም ክብደቱ ከፊት አክስል አልፎ የተንጠለጠለ በመሆኑ በፊት ባሌስትራ (የብረት ስፕሪንግ) ላይ የሚያሳድረው ጫና ከሚዛኑ ይበልጣል። በእኔ አስተያየት ለፊቱ 4 ሚሊ ሜትር ይበቃል፤ ከላይና ከታች 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ከታጠፈ፣ ሳይታጠፍ ከቀረ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይልቅ መጎበጥን ይቋቋማል። ማያዣው ግን ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ይሁን።

በራዲያተሩ ፊት የሚያልፈው ክፍል ለነፋስ ክፍት መሆን አለበት። ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ጣርማበር ዋሻ የሚወጣ የተጫነ መኪና በዝቅተኛ ማርሽ ለረጅም ጊዜ ሞተሩን ያደክማል፤ ከፍታው ሲጨምር አየሩ እየሳሳ የማቀዝቀዝ አቅሙ ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ከፍታ ክዳን በሌለው ዕቃ የተጣደ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ራዲያተርን ከዚህ የሚያድነው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው። ስለዚህ የመኪና ስም ወይም ጥቅስ የተጻፈበትን ድፍን ላሜራ በራዲያተሩ ፊት መግጠም፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ዳገት ላይ ያስከፍላል።

ማያዣው ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰራል እንጂ አይበየድም። የብየዳ ሙቀት የሻንሲውን ብረት ባሕርይ በብየዳው ዙሪያ ይለውጠዋል፤ ስንጥቁም ከዚያ ይነሣል። በተጨማሪም የተበየደ ፓራውልት በግጭት ጊዜ ሊፈታና ሊቀየር አይችልም። ፋብሪካው የተዋቸውን ቀዳዳዎች መጠቀም ይመረጣል። ተጨማሪ ቀዳዳ የግድ ካስፈለገ በሻንሲው ጎን ላይ በትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ይበሳ፤ የላይና የታች ከንፈሮቹ ፈጽሞ አይነኩ፤ በኦክሲጅን እሳት መብሳትም አይፈቀድ። በእያንዳንዱ ጎን ቢያንስ አራት ብሎን፣ ራሱ ላይ 8.8 የሚል የጥንካሬ ምልክት ያለበት፣ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ይግባ። የመጎተቻው መንጠቆ በቀጥታ ከማያዣው ጋር ይያያዝ። በመንዝ ጭቃ ውስጥ የተያዘ የተጫነ መኪና በላሜራ ላይ በተበየደ ቀለበት ሲጎተት ቀለበቱ ተገንጥሎ እንደ ጥይት ይወረወራል።

ብረቱ ከተቆረጠ በኋላ ማያዣዎቹ አስቀድመው በሻንሲው ላይ በብሎን ይታሰሩ፤ ላሜራው በክሪክና በእንጨት ተደግፎ በቦታው ይቁም፤ ግራና ቀኙ ከመሬት እኩል መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ በነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዝ። ለዚህች አጭር ብየዳ እንኳ የባትሪው ገመዶች አስቀድመው ይነቀሉ፤ የብየዳው ማሽን ማሳም (የመመለሻ ገመዱ) ከሚበየደው ብረት ላይ በቅርብ ይታሰር፤ ካልሆነ ኤሌክትሪኩ በጎማ ኩሽኔታና በሽቦዎች በኩል መንገድ ፈልጎ ይጎዳቸዋል። ከዚያ ሁሉም ተፈትቶ ወደ ጠረጴዛ ይወሰድና ዋናው ብየዳ ከመኪናው ርቆ ይካሄድ።

ስለ ኤሌክትሮድ የአገራችን አየር ራሱን የቻለ ነገር አለው። ለማያዣው 7018 የሚባለው የኤሌክትሮድ ዓይነት የተሻለ ጥንካሬ ይሰጣል፤ ነገር ግን እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ውስጥ ስንጥቅ ያመጣል፤ በክረምት ጣርማበር አካባቢ ጉም ቤት ድረስ በሚገባበት ወቅት የተከፈተ ፓኮ በመደርደሪያ ላይ ማሳደር ማለት ይኸው ነው። ማድረቂያ ምድጃ የሌለው በያጅ 6013 የሚባለውን ዓይነት ቢጠቀምና ብየዳውን በጥንቃቄ ቢሠራ ይሻለዋል። ለ3.2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ከ90 እስከ 130 አምፔር፣ ለ2.5 ሚሊ ሜትር ከ60 እስከ 90 አምፔር ይበቃል። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት የውርጭ ጧቶች ወፍራሙ ብረት ላይ ጤዛ ስለሚቀመጥ፣ ከመበየዱ በፊት በእሳት ለብ ተደርጎ ይድረቅ።

ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ብረት ጫፍ ለጫፍ ሲገጠም ጠርዙ በግራይንደር በሰያፍ ይሞረድ፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተትም ይተውለት። ረጅሙን መገጣጠሚያ ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው ሳያቋርጡ መበየድ ላሜራውን እንደ ጀልባ ያጎብጠዋል። አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር እየበየዱ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ አንዴ መሐል እየዘለሉ መሄድና ብረቱ በእጅ እስኪነካ ድረስ እንዲቀዘቅዝ መታገሥ ይገባል። በእያንዳንዱ ዙር ቅርፊቱ በመዶሻ ተራግፎ በሽቦ ብሩሽ ይጠረግ። ማያዣውን በሚደግፈው ሦስት ማእዘን ላሜራ ጫፍ ላይ ብየዳው ዞሮ ይዘጋ፤ እዚያ ላይ ተቋርጦ የቀረ ብየዳ የስንጥቅ መነሻ ነው። ረዳትም ሆነ ቆሞ የሚያይ ሰው ያለ ብየዳ መነጽር አይቅረብ፤ ጉዳቱ ወዲያው አይሰማም፤ ሌሊት ነው ዓይን ውስጥ አሸዋ የገባ ያህል ሰው የሚያስጮኸው። ዚንክ የተቀባ ቱቦ ከመበየዱ በፊት ልባሱ ይፋቅ፣ ጭሱም አይሳብ።

ጫፎቹ ሁሉ ይክበቡ። በገበያ ቀን መንገዱን ሰውና አህያ የሚሞላው በመሆኑ ወደ ፊት የሾለ ቱቦ ወይም ስለት ያለው ጥግ የሚሠራ በያጅን እኔ አላደንቅም። ታርጋው፣ ፍሬቻውና የፊት መብራቱ በምንም አይሸፈኑ፤ ለቦሎ ምርመራም ይህ ይታያል። የጉም መብራት የሚጨመር ከሆነ ከዋናው መብራት ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ከፍ ብሎ የተተከለ መብራት ጉሙ ላይ ነጥቶ ወደ ሹፌሩ ዓይን ይመለሳል። የመኪናው ኤሌክትሪክ 24 ቮልት ከሆነ ሁለት ባለ 70 ዋት አምፖሎች 6 አምፔር ያህል ስለሚስቡ ባለ 10 አምፔር ፊውዝና ሪሌ ይበቃቸዋል።

ከቀለሙ በፊት ዝገትና ቅባት ይጽዳ፣ ሁለት ዙር አንቲረስት ይቀባ፣ በተዘጋ ክፍል ሥር ውኃ የሚወጣበት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። ማያዣው ሻንሲው ላይ በሚያርፍበት ፊት ግን ቀለሙ ስስ ይሁን፤ ወፍራም ቀለም ከብሎኑ ሥር እየተፈረፈረ ማሰሪያውን ያላላል። ገጠማው ቢያንስ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ብሎኖቹ ሁሉ መጀመሪያ በእጅ ይግቡ፣ ከዚያ በሰያፍ እየተፈራረቁ ይጥበቁ፤ የማጥበቂያው ኃይል ለ12 ሚሊ ሜትር 80 ኒውተን ሜትር፣ ለ14 ሚሊ ሜትር ከ120 እስከ 130 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሁን። ከዳዶው (ብሎኑን ከሚያጠብቀው ባለ ቀዳዳ ብረት) እስከ ማያዣው የሚዘልቅ ቀጭን የነጭ ቀለም መስመር ይሰመር። መኪናው አንድ ጊዜ ተጭኖ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ሲመለስ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ ይመልከት፤ መስመሩ ከተሰበረ ዳዶው ዞሯል ማለት ነውና ቁልፍ ያንሣ።