የኬዙ የፊት ዩኤስቢ አልሠራ ሲል ከማዘርቦርዱ ሄደር ጀምሩ

ኬዝ ከቀየራችሁ ወይም ኮምፒውተር ራሳችሁ ከገጣጠማችሁ በኋላ የኋላዎቹ ዩኤስቢዎች እየሠሩ የፊቶቹ እምቢ ቢሉ፣ ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል ብላችሁ አትደንግጡ። የኋላዎቹ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። የፊቶቹ ግን በኬብል መጥተው ቦርዱ ላይ በቆሙ ፒኖች ላይ ነው የሚሰኩት፤ ይህ የፒኖች ስብስብ ሄደር ይባላል። ጠጋኝ ጋ «የፊቱ ሞቷል» ተብሎ የሚመጣው ኮምፒውተር ብዙውን ጊዜ የታመመው እዚህ ቦታ ላይ ነው።

ከመንካታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የፓወር ገመዱንም ንቀሉ።

ምልክት፦ ፍላሽ ሲሰካ መብራቱም አይበራም

ኬብሉ ጭራሽ አልተሰካም፣ ወይም ያለ ቦታው ገብቷል። የዩኤስቢ 2.0 ሄደር 9 ፒን አለው፤ በአንዱ ረድፍ 4፣ በሌላው 5። የጎደለው ፒን ጥግ ላይ ነው፤ የኬብሉም ጫፍ በዚያው በኩል አንድ ቀዳዳው ተደፍኗል። የፊት ድምፅ ሄደርም 9 ፒን ስላለው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ የእሱ ጉድለት ግን ጥግ ላይ ሳይሆን ከዳር ሁለተኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት የጎደለውን ፒን በዓይናችሁ አግኙት፣ ጎኑ ላይ ያለችውን ደቃቃ ጽሑፍም በስልክ መብራት አንብቡ። አልገባ ካለ አትግፉ።

አሮጌ ቦርድ ከሆነ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ላይ 1394 የሚል ሄደር አለ (ፋየርዋየር የሚባለው የቆየ ማገናኛ ነው)፤ ቅርጹም የጎደለው ፒንም ከዩኤስቢ 2.0 ጋር አንድ ነው። ነገር ግን የዩኤስቢው ግራውንድ (የኤሌክትሪኩ መመለሻ ሽቦ) በሚያርፍበት ፒን ላይ 12 ቮልት አለ። ዩኤስቢ የሚፈልገው 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ ከተሰካ ቦርዱም ፍላሹም ሊቃጠሉ ይችላሉ።

ምልክት፦ ፍላሹ ይበራል፣ ግን አይነበብም

ይህ ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተለያይተው በሚመጡባቸው ቆየት ያሉ ኬዞች ላይ ይገጥማል። አንዱ ረድፍ ለአንድ ፖርት ነው፤ ቅደም ተከተሉም ከጎደለው ፒን ተቃራኒ ካለው ጫፍ ጀምሮ ቀይ (5 ቮልት)፣ ነጭ (ዲ ማይነስ)፣ አረንጓዴ (ዲ ፕላስ)፣ ጥቁር (ግራውንድ) ነው። ኃይል እያለ ንባብ ከሌለ ዳታ የሚያስተላልፉት ነጩና አረንጓዴው ተቀያይረው ይሆናል፤ አቀያይሩና ሞክሩ። ቀዩና ጥቁሩ ከተቀያየሩ ግን የተሰካው ዕቃ ይቃጠላል። ቀለሙን ብቻ አትመኑ፤ ርካሽ ኬብል ቀለሙን ላያከብር ስለሚችል ጫፉ ላይ የተጻፈውን እዩ።

ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ ዴስክቶፖች አንዳንዴ የራሳቸው የፒን አሰላለፍ አላቸው። የእነሱን ቦርድ ወደ ሌላ ኬዝ ስታዛውሩ የሞዴሉን መመሪያ ሳታዩ አትሰኩ።

ምልክት፦ «ኦቨር ከረንት» (ከልክ ያለፈ ኤሌክትሪክ) የሚል ጽሑፍ መጥቶ ኮምፒውተሩ ይጠፋል

የሆነ ቦታ 5 ቮልቱ ከግራውንድ ጋር ተነካክቷል። የተሰካውን ሁሉ ነቅላችሁ የፊቱን ኬብል ከሄደሩ አውጡና አስነሱ። በሰላም ከተነሳ ጥፋቱ የኬዙ ፖርት ሳይሆን አይቀርም። በመብራት ወደ ውስጥ ስታዩ የፕላስቲኩ ምላስ ተሰብሮ፣ ከላዩ ያሉት ስስ ብረቶች ተጣመው የፖርቱን ግድግዳ ነክተው ታገኛላችሁ። ፍላሽ ተሰክቶ እያለ በእግር ሲመታ የሚመጣ ጉዳት ነው። በቴስተር ለማረጋገጥ ኬብሉ ከቦርዱ እንደተነቀለ ቀዩንና ጥቁሩን ለኩ፤ ቢፕ ካለ ተነካክቷል ማለት ነው። እኔ ብረቱን አቃንቶ መልሶ መጠቀምን አልመክርም፤ የፊት ፓነሉ እስኪቀየር ኬብሉ ተነቅሎ ይቆይ።

ምልክት፦ ሰማያዊው ፖርት ይሠራል፣ ግን ቀርፋፋ ነው

የዩኤስቢ 3.0 ሄደር 19 ፒን ያለውና በፕላስቲክ የተከበበ ነው። በውስጡ የ2.0 ሽቦዎችም ስላሉ፣ ፈጣኖቹ ፒኖች ቢታጠፉ ፖርቱ ዝም አይልም፤ ከ5 ጊጋቢት ወደ 480 ሜጋቢት ይወርዳል። ከ19 ወደ 9 ፒን በሚቀይር አስማሚ ካገናኛችሁትም ያው ነው፣ ከ2.0 ፍጥነት አያልፍም። የታጠፈ ፒን ካያችሁ በወረንጦ ቀስ ብላችሁ አቅኑት። ይህ ኬብል ወፍራምና ግትር ስለሆነ ስትነቅሉት ግራ ቀኝ አታወዛውዙት፤ ቦርዱን በአንድ እጅ ደግፋችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት፤ አለበለዚያ የፕላስቲኩ ግድግዳ አብሮ ይወጣል።

ምልክት፦ አዲሱ የዋይፋይ ካርድ ዋይፋዩ ይሠራል፣ ብሉቱዙ የለም

ካርዱ ተበላሽቷል ተብሎ ወደ ሱቅ ሲመለስ ሳይ አዝናለሁ። በፒሲአይ ኤክስፕረስ (ቦርዱ ላይ ባለው የካርድ ማስገቢያ) የሚገባው ካርድ ብሉቱዙን የሚያስተላልፈው በዩኤስቢ ነው፤ ካርቶኑ ውስጥ የቀረችውን ቀጭን ኬብል አንዱን ጫፍ ካርዱ ላይ፣ ሌላውን 9 ፒኑ የዩኤስቢ 2.0 ሄደር ላይ ሰኩ።

ሁሉም በትክክል ተሰክቶ ገመድ አልባው ማውስ ከቆራረጠ ደግሞ፣ የ3.0 ፖርትና ኬብል የሚያወጡት ረብሻ ማውሱ የሚጠቀምበትን 2.4 ጊጋኸርዝ ይነካል። የማውሱን መቀበያ ከ3.0 አርቃችሁ ወደ 2.0 ፖርት አዛውሩት።